ክዳኑ ብቻ የተዘጋው ላፕቶፕ

ውድ አብደላ፣

አንተ በሕይወት እያለህ አንድ መስመር እንኳ ጽፌልህ አላውቅም። ምን አስጽፎኝ? ነገር ካለኝ ከሱቅ ደውዬ፣ ካልሆነም ራት ላይ ጨቅጭቄህ እጨርሰው ነበር። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለ። ለጎረቤት ባወራው «ሰዓዳ ላፕቶፕ አቅፋ አለቀሰች» ተብሎ አጠና ተራ ድረስ መሳቂያ መሆኔ ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ ልንገር ብዬ ተቀመጥኩ።

ላፕቶፕህን አጠፋሁት። ይኸው፣ ቀድሜ ተናገርኩ። እንዴት እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ፤ በመሃል መግባት ልማድህ ነበር።

መብራት እልም ሲል ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» ሲል አንተ አትደነግጥም ነበር። የጀመርከውን የቤት ፕላን እንዳለ ትተህ ክዳኑን ከደን ታደርጋለህ። «ይተኛ፤ መብራት ሲመጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ» ትላለህ። ክዳኑ ሲዘጋ የተከፈተውን ሁሉ አስታውሶ እንዲተኛ አድርገህ አስተካክለኸው ስለነበር፣ ከሳምንት በኋላ ብትከፍተውም መስመሩ እዚያው፣ ቀስቷ እዚያው ናት። አጥፍተኸው ስትነሳ አይቼ አላውቅም። እንደኛ ሰፈር መብራት የሚቆራረጥበት ሰው ሥራውን እንዲህ ካላስተኛ ምን ያድርግ?

የዚያን ዕለትም እንዲሁ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ከደንከው፣ «ዐስርን ሰግጄ ልምጣ» ብለህ ወጣህ። ከመስጊድ በሰው ትከሻ ተመለስክ።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ከሱቅ ስመለስ ላፕቶፕህን እከፍተዋለሁ። ሁሉም አንተ እንደተውከው አለ። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ መስመር የጀመርከው ፕላን፣ ከጎኑ ሒሳብ ማስሊያዋ ትንሽ ሳጥን፣ ከታች ደግሞ ግማሽ ላይ ያቆምከው መንዙማ። ምንም አልነካም። እያየሁ እቀመጥና አቧራውን ጠርጌ መልሼ እከድነዋለሁ። ከመጋረጃ ትራፊ ልብስ ሰፍቼለታለሁ፤ ዳንቴል ያለው። ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። አንተ ራስህ «ኢንተርኔት ካገኘ ራሱን ያድስና ሳይጠይቅ ይጠፋል» ብለህ ስለነበር ልጃችን ዊዳድን ኢንተርኔት እንዳታስገባበት አስምያታለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ካቆምክበት ያልተነሳ ነገር እሱ ብቻ ነበር፣ አብደላ። እኔ ፕላን ማንበብ አልችልም፤ መጋረጃ ለመስፋት የመስኮቱን ስፋት ማወቅ ይበቃኛል። ግን አንተ ያሰመርከው መሆኑ ይበቃኝ ነበር።

ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ኮምፒውተር ነው የምትማረው፤ በማን ወጣች አትበል። ዘንድሮ አንድ ትምህርት ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ካልጫናችሁ ብሎ ያዛቸው። ግቢ ያለው ላብራቶሪ በወረፋ ነው። ልጅቷ ከጦር ኃይሎች በታክሲ ሰልፍ ደክማ ትመጣለች፣ የቤት ሥራዋ ሳያልቅ ይቀራል።

«ኡሚ፣ በዚህ ከቀጠልኩ ይሄ ኮርስ ይወድቅብኛል» አለችኝ። «የአባን ላፕቶፕ ስጪኝ። የእሱ ዊንዶውስ ባለበት ይቀመጣል፣ የእኔ ከጎኑ ይጫናል። ሁለቱም በአንድ ላፕቶፕ ይኖራሉ።»

«እንደ ጣውንት?» አልኳት።

«ጣውንት አይባልም ኡሚ! ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ከሱ ነው ቆርሼ የምወስደው።»

«የአባትሽ ነገር ንቅንቅ እንዳይል» ብዬ ፈቀድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት መኖሩን አይታ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። አዲሱን ሲስተም በፍላሽ ይዛ ነበር። መጀመሪያ ላፕቶፑ ፍላሹን አላውቅህም አለው። ሲነሳ የማያውቀውን ሲስተም የማያስገባ ጥበቃ አለው አሉ፤ እሱን ከውስጥ ገብታ አነሳችና አስገባችው። ደስ ብሏት ስታፏጭ፣ ቦታ ይቆረስ የሚባለው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለ። ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሁለቴ ሞከረች፣ ሁለቴም ያው ነው። ስልኳን አውጥታ ስታነብ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ምንድነው?»

«የአባ ዊንዶውስ አልጠፋም ይላል። ተኝቷል። የተከፈተ ሥራ ስላለበት ዲስኩን አላስነካም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«በደንብ መጥፋት አለበት ኡሚ። አባ የከፈተው ሁሉ መዘጋት አለበት።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። አንድ ትእዛዝ ልጽፍና የያዘውን ሁሉ እንዲረሳ ላደርገው እችላለሁ። ግን አባ ያላስቀመጠው ነገር ካለ አብሮ ይሄዳል።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ሱቅ እያለሽ ላደርገው እችል ነበር። አላደረግኩትም።»

ያመሰገንኳት መሰለህ? «ንቀይው! ያንን እሾህ ከአባትሽ ዕቃ ላይ ንቀይው!» ብዬ ጮህኩባት። ፍላሿን ነቅላ ወጣች። እኔም ዳንቴሉን አልብሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከልጄ ጋር ተኮራርፈን ሰነበትን። ሻይ ስትቀዳልኝ እንኳ «ይኸው» ነው እንጂ ሌላ ቃል የላትም። አመልዋ ያንተ ነው፤ አትሳደብም፣ ዝም ብላ ትገድልሃለች።

ጁምዓ ሲደርስ እንደ ልማዴ ከፈትኩት። ዊዳድ ሳትጠራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየችና ጣቷን መስመሮቹ ላይ አሳረፈች።

«ኡሚ፣ ይሄ ቤት እኮ አላለቀም።»

«እንዴት?»

«ምድር ቤቱ አለ። ፎቁ አለ። መውጫው ግን የለም። ደረጃው ጋ ሲደርስ ነው አባ ያቆመው።»

ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ካንተ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ አቶ ጉተማ፣ ዓለም ባንክ። የቤቱ ባለቤት ስም ነው።

ጁምዓ በመጣ ቁጥር ያየሁት ነገር ነበር፤ ጽሑፉን እንደ አንተ ማስዋቢያ እቆጥረው ነበር እንጂ አንብቤው አላውቅም። የቀብርህ ዕለት ወንድምህ መሃል ቆሞ «አብደላ ላይ የሰው ሐቅ ካለ፣ የተዋት አማና፣ አደራ ካለች፣ ባለቤቱ ወደኛ ይምጣ» ብሎ ሲጠይቅ አቶ ጉተማ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ቆመው ነበር። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ትንፍሽ አላሉም። እኔም ባሌ የማንም ነገር ሳይኖርበት ሄደ ብዬ ስጽናና ኖርኩ። አሁን ግን ያ ማስታወሻዬ ነው ብዬ በዳንቴል የጠቀለልኩት ነገር የሰው ሐቅ ሆኖ ፊቴ ቁጭ አለ። ደነገጥኩ፣ አብደላ። አንተን ያቆየሁ መስሎኝ ዕዳህን ነበር የማቆየው።

እዚያው ደወልኩ። በማግስቱ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ጠየቅኳቸው።

«ለምን ዝም አሉ፣ አቶ ጉተማ? ወንድሙ እኮ ጠይቆ ነበር።»

«ምን ልበል ወይዘሮ ሰዓዳ? ለቅሶ መሃል ተነስቼ ደረጃዬስ ልበል? ከሞት የሚበልጥ ደረጃ አለ?»

«ቤቱስ?»

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ምድር ቤቱ በእሱ ፕላን ወጣ። ከዚያ ቆመ። አስኮ ያለ አንድ ፕላን ሠሪ ልቀጥልልዎ ብሎኝ ነበር፤ ዋናውን ፋይል አምጡ አለኝ። እናንተን በር ማንኳኳት ከበደኝ። ሐዘኑ ይውጣላቸው ብዬ ተውኩት።»

ሐዘኔ እስኪወጣ ሰውየው ጣሪያ የሌለው ቤት ይዘው ቆመው ነበር። ሐዘን እንደሚወጣ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ዊዳድን «አምጪው» አልኳት።

«ልዝጋው?»

«እኔ ነኝ የምዘጋው። አንቺ የቱን እንደምጫን አሳዪኝ።»

በመንዙማው ጀመርን። ግማሹ ላይ ስለቆመ ልዘጋው አልቻልኩም፤ «መጀመሪያ ይለቅ» አልኩ። ያቺ የማጫወቻ ቀስት ስትነካ ካቆምክበት ተነስቶ ቤቱን ሞላው። ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን እስከ መጨረሻው ሰማነው። አቶ ጉተማም ቃሉን ባያውቁትም ኮፍያቸውን አላጠለቁም። ሲያልቅ ዘጋሁት።

ቀጥሎ ሒሳብ ማስሊያዋ። 17.5 ይላል። ያን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር፤ የመብራት ሒሳብም፣ የዊዳድ የታክሲም እየመሰለኝ ስንት ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። ልዘጋው ስል አቶ ጉተማ ወንበራቸውን ስበው ቀረቡ።

«ቆዩ እስቲ። ይቺ የአንዷ ደረጃ ከፍታ ናት። ግንበኛው ስንት ሴንቲ ላድርጋት ብሎ ሲያስቸግረኝ አብደላን ጠይቄው ነበር። አስልቼ እነግርሃለሁ አለኝ።» ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት። «አስልቶልኝ ነበራ።»

ዊዳድ ቁጥሩን ፕላኑ ጥግ ላይ ጻፈችልህ። ከዚያ ፕላኑን ልዘጋ ስል ሳጥን መጣና «ይቀመጥ ወይስ ይቅር?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቀመጥ አልኩት። ለአቶ ጉተማም በፍላሽ ሰጠናቸው። «የአስኮው ልጅ ደረጃውን ይሥራ፤ ከማዕዘኑ ላይ ግን የአብደላን ስም አያነሳትም» አሉ።

የቀረው ማጥፋት ነበር። ዊዳድ ቦታውን አሳየችኝ፤ እኔም «ቢስሚላህ» ብዬ ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከውስጥ የምትዞረዋ ማራገቢያ ቀስ እያለች ቆመች። ያ ቤት እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። አለቀስኩ። የለቅሶህ ዕለት ያልወጣልኝ እንባ ነው። ዊዳድም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አቶ ጉተማ የኔን መጋረጃ ገዢ ይመስል እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ሲስተም ያለ አንዳች ክርክር ተጫነ። ቦታውን ቆረሰ፣ ገባ፣ ጨረሰ። እኔ መብራት እንዳይሄድ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ተነሳ ስትለው ተነሳ፤ የልጅህ ሲስተም ብቻ። ያንተ የለም። አጥፍታ አበራችው፣ አሁንም የለም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኝ የለ? «ዊዳድ፣ አባትሽን የት አደረግሽው?» አልኳት። ወላሂ እንዲያ ነው ያልኩት።

«ኡሚ፣ ተረጋጊ። ፋይሎቹ አሉ፣ ይኸው እያየኋቸው ነው። የእኔ ሲስተም ሲነሳ ሌላ እንዳለ አልፈለገም፣ እንዳይፈልግ ተደርጎ ነው የሚመጣው።» ጥቁር ገጽ ላይ ያንን ክልከላ አነሳችና እንደገና ፈልግ አለችው። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በመጨረሻ «አገኘው!» ብላ ስትጮህ ነው የገለጥኩት።

አሁን ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው ሁለት መስመር ነው። ከላይ የዊዳድ፣ ከታች ያንተ። ሰው ካልነካው ትንሽ ይጠብቅና የላይኛው በራሱ ይከፈታል። ልጅህ ይህንን አስረድታኝ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የአባን ከላይ ላድርገው?» አለችኝ።

አሰብኩበት። እሺ ብላት ታደርገው ነበር፤ በየቀኑ ጠዋት አንተን አልፋ ወደ ትምህርቷ ትገባ ነበር።

«ተይው» አልኳት። «ከላይ ያንቺ ይሁን። ለእኔ ወደ ታች መውረጃዋን አሳዪኝ።»

ባለፈው እሁድ ዓለም ባንክ ሄደን ነበር። የአቶ ጉተማ ደረጃ በሲሚንቶ ተሞልቶ፣ ደርቆ፣ የደገፈው እንጨት ተነስቶለታል። ውጡ ውጡ ብለውን ወጣሁ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ የራሳችንን በር ደፍ ስሻገር እንኳ «አህ» የምል ሰው ነኝ። ያን ደረጃ ግን እስከ ላይ አንዴም ሳላርፍ ነው የጨረስኩት። የልክህን ነገር ድሮም አልከራከርህም ነበር፤ ፊትህ ላይ ግን አልነገርኩህም። አሁን ነገርኩህ።

ይህንን የምጽፍልህ በታችኛው መስመር ገብቼ፣ ባንተ በኩል ነው። በአንድ ጣት ስለምለቅም ከሰዓቱ ሁሉ ሄደ። መብራት አለ፣ አልሃምዱሊላህ። ግን ቢሄድም ባይሄድም ክዳኑን ብቻ ከድኜ አልነሳም፤ ባንተ በኩል አስተኝቼው ከሄድኩ ልጅህ በሷ በኩል ስትገባ ዕቃህን መንካት አትችልም። ስለዚህ ስጨርስ ይቀመጥ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ይቀመጥ እለዋለሁ፣ ከዚያም አጠፋዋለሁ። ጠዋት ዊዳድ ታበራዋለች።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። የሰው ሐቅ የለብህም፤ አሁን ጠይቄ ነው የምልህ።

የዊዳድ እናት፣
ሰዓዳ
ኮልፌ