የዊዳድ ክፍል ጣራ

ይድረስ ጂዳ ሆነሽም ለምታስፈሪኝ እታለሜ ዊዳድ፦

አሰላሙ ዓለይኩም። ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታትሽስ ለቀቀሽ? አሠሪሽስ አሁንም ሻዩ ቀዘቀዘ እያሉ ያማርራሉ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ከደህናም በላይ ነኝ፤ እማ ሌላ ብትነግርሽ አትመኛት።

አሁን ተቀመጪ። ከባድ ወሬ አለና ልብሽን አጽኚ። ያቺ በላብሽ ያሠራሻት ክፍል ጣራዋ ወረደ። ያወረደው ጎርፍ አይደለም፤ አባባ ናቸው፣ በገዛ እጃቸው። በስልክ ብነግርሽ ጮኸሽ ትዘጊብኛለሽ፤ ወረቀት ግን አይዘጋም።

ከጓሯችን ያለውን የቦረቦር ገደል ታውቂዋለሽ። ተራራው ለድንጋይና ለከሰል ከተራቆተ ወዲህ በየክረምቱ መሬታችንን እየበላ መጥቶ ክፍልሽ ግድግዳ ሥር ደርሶ ነበር። አባባ ልጄ ስትመለስ የት ላስገባት፣ ገደል ውስጥ? እያሉ እንቅልፍ አጡ።

ከዚያ ወንጌላዊት የምትባል አርክቴክት፣ የደሴ የሆጤ ሰፈር ልጅ፣ ከቀበሌ ሰዎች ጋር መጣች። እኛ ገደሉን ስናሳያት እሷ ሽቅብ ጣራ ጣራ ታያለች! ይቺስ ተሳስታ ነው የመጣችው ብዬ ለአባባ ሹክ አልኳቸው። ለካ ገደሉን የምናበላው እኛው ነን። ጠፈጠፉ ጎረቤት ደጅ እንዳይወድቅ እየተባለ የመንደሩ ጣራ ሁሉ በይሉኝታ ወደ ጓሮ ነው ያዘነበለው። የሣር ክዳን ሳለ ውሃው ቀስ ብሎ ይንጠባጠብ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ባንዴ ይደፋዋል። ጣራውን ወደ ፊት አዙሩ፣ ውሃውን በጋራ ጉድጓድ ያዙ፣ ገደሉን እንደ ደረጃ በድንጋይ ደርድሩት አለች።

ወደ ፊት ማለት ግን ፊት ለፊታችን ወዳሉት ወደ ጋሽ እንየው ደጅ ማለት ነው። አባባ ሊነግሯቸው ሄደው ስለ በሬ አውርተው ተመለሱ። እኔ ልሂድ ብላቸው፣ አንተ ከሄድክማ መጣላታችን ነው ብለው ራሳቸው ሄዱ። ጋሽ እንየው ሳቁና፣ ጠፈጠፍህን አምጣው፣ እኔም የራሴን አመጣለሁ፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይተዋወቁ አሉ። በማግስቱ አባባ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከክፍልሽ ላይ ነቀሉ። ከዚያ ወዲያ ማን እምቢ ይላል? የገደሉ ዳር ሰው ሁሉ በደቦ ጣራውን አዞረ፣ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ ገደሉንም በድንጋይ እርከን ደረደረ።

ሐምሌን ሙሉ ዘነበ። ገደሉ አንዲት ስንዝር አልበላም! አፈሩ እርከኑ ላይ ተኝቶ ሣር አብቅሏል፤ ላማችን ጠግባ ትንቀኛለች። ከጉድጓዱ ውሃ የጋሽ እንየው ወገን በየት በኩል ነው ብዬ ብጠይቅ አባባ ጫማ ወርውረው ሳቱኝ። እርከኑ መሃል ጠማማ ድንጋይ አለች፤ የእኔ ናት፤ እኔ ቀጥ አድርጌ ነበር፣ ሌሎቹ ናቸው የጠመሙት። ከደጋን ከተማ ድረስ ሰው ሊያይ ሲመጣ አባባ ገደሉን አያስቀድሙም፤ መጀመሪያ ጣራሽን ያሳያሉ። ልጄ ያሠራችው ቤት መሬት ያዘ ይላሉ። ይህን እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ።

እማ ዓይንሽን ትስማለች። ትንሿ ኡሙሰልማ ጫማዬን አትርሺ ብላለች። ጋሽ እንየውና እትዬ አትጠገብ ሰላም ይሉሻል። አባባ በየሰላቱ ዱዓ ያደርጉልሻል።

እንግዲህ ከባዱ ወሬ ይኸው ነው፦ ጣራሽ ወርዶ በዚያው ሰሞን ፊቱን አዙሮ ተመልሷል። ሌላ ምንም የለም። ለዚህ ነበር ያስቀመጥኩሽ፤ አሁን መነሳት ትችያለሽ።

ወንድምሽ ሚስባህ
ደሴ ዙሪያ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.