የእንጉዳይ መድኃኒት ቀማሚዋ የወይዘሮ ወለተ ኪዳን ይኄይስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከአባታቸው ከመሪጌታ ይኄይስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ በ፲፰፻፺፮ ዓ.ም. ከጮቄ ግርጌ፣ ሮብ ገበያ አቅራቢያ ተወለዱ። ሴት ልጅ ለትምህርት በማትታሰብበት ዘመን ከአባታቸው ሥር ተቀምጠው ዳዊት ደገሙ። ወንድሞቻቸው ያላገኙትንም ተማሩ፤ በወይራ ግንድ ላይ ከሚበቅለው ደረቅ እንጉዳይ መድኃኒት ማውጣትን።

በ፲፱፻፲፫ ዓ.ም. ከአቶ እንዳላማው ጋር በተክሊል ተጋብተው አምበር ከተማ ጎጆ ወጡ፤ ሙላትንና ሥራነሽን አፈሩ።

መድኃኒቱ ሥራ ይፈልጋል። እንጉዳዩን ወቅጠው፣ በለስላሳ እሳት ሲቀቅሉ ውለው፣ አጥልለው፣ ውሃው ሲወፍር አቀዝቅዘው ሁለት ጊዜ የወጣ ብርቱ አረቄ ያፈሱበታል። ያን ጊዜ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ዝቃጭ ከሥር ይቀራል፤ እሱ ደርቆ ከበሽታ ለተነሣ ሰው አቅም ይሰጣል። ይህን ለማንም አይናገሩም ነበር። የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል ይባላልና፣ አባታቸው ለአንድ ልጅሽ ብቻ፣ ያውም በሞትሽ ጊዜ ብለው አስምለዋቸዋል።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀጀራ ልጃቸውን አስያን ይዘው መጡ። ልጅቱን ተስቦው ለቋታል፤ ሐኪም ቤትም ድናለች ብሎ ሸኝቷታል። ግን እህል አልወርድ ብሏት አጥንቷ ቀርቷል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ተጨነቁ፤ አረቄ የነካው ነገር ለእስላም ቤት ሐራም ነው። አቶ እንዳላማው መድኃኒቱ ሲደርቅ አረቄው ይተናል፣ ዝም ብለሽ ስጫት ቢሏቸው፣ እናት አምናኝ መጥታ እንዴት አድርጌ አሉና ለወይዘሮ ሀጀራ ሁሉንም ነገሯቸው። መሐላው በዚያው ፈረሰ። ወይዘሮ ሀጀራም አልቅሰው ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ያለ አረቄ ለማውጣት ደከሙ። አንዱ ሻገተ፣ አንዱ አረረ፤ ልጅቱም እየመነመነች ነው። በመጨረሻ በወይዘሮ ሀጀራ ቤት፣ በወይዘሮ ሀጀራ ድስት፣ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያጠለሉትን ውሃ ሙጫ እስኪሆን አንተከተኩት፤ በሰፊ ሳሕን ላይ በስሱ ዘርግተው በፀሐይ አደረቁት። አስያ ያንን በማር እየላሰች ሰነባብታ እህል ተመኘች። በመድኃኒቱ ይሁን በዕድሜዋ የሚያውቅ አንድ አምላክ ነው። ዛሬ ደጀን ከተማ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ዘመድ ግን የመሪጌታን ጥበብ ለባዕድ ሰጠች ብሎ አኮረፈ፤ ለፋሲካ እንኳ ደጃቸውን አልረግጥም ያለ ነበረ። እጅግ ከፍቷቸዋል፤ እንባቸውን ያየን እናውቃለን። መድኃኒቱ ካዳነ የቱ ላይ ረከሰ ከማለት በቀር መልስ አልሰጡም።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሆዳቸውን ታመው ዓመት ያህል ተኙ። በመጨረሻው ሰዓት ልጃቸው ሙላት እንደ ወጉ ጥበቡን ሊቀበል ጆሮውን ወደ አፋቸው ቢያስጠጋ፣ በሰለለ ድምፅ ሀጀራን ጠይቃት አሉት። ሚያዝያ ፲፮ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ሁለት ልጆችና ስድስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ወይዘሮ ሀጀራ አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው እየጠበቁ ነው። ለቀስተኛ ሆይ፣ ስትወጡ አስቀድማችሁ እርሳቸውን አጽናኑልን፤ የሞተችባቸው እኅታቸው ናት።

ሁላችንም አባታችን የምንለው አብርሃም በእቅፉ ይቀበላቸው። አሜን።