ጳጉሜንን የማያውቅ ማገናኛ ስለመረጡልን

በደሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቅዱስ ዘለቀ
የጨርጨር ደጋ የጤና ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጭሮ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ዐይኖችዎ ደህና ይሁኑልዎ፤ ዐይኑን የታመመ ሰው እርስዎ ወደሚያስተዳድሩት ሆስፒታል መምጣት ግድ ስለሚሆንበት፣ ይህን ዕጣ ለእርስዎም ቢሆን አልመኝልዎትም።

ብዙ ሰው የሚያነጋግሩ ትልቅ ሰው በመሆንዎ ረስተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። ዓለምሸት ተሻለ እባላለሁ። ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁ መምህርት ነኝ፤ ልጆቼን እዚሁ ወልጄ እዚሁ ድሬያለሁ። በበደሳ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር፤ «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል። ማኅበራችን የሶፍትዌር ግዥ ኮሚቴ ባቋቋመ ጊዜ ደግሞ የተገልጋዮች ተወካይ ሆኜ ከክቡርነትዎ በስተግራ እቀመጥ የነበርኩት ሴትዮ ነኝ። ሻይ ሲመጣ ስኳሩን ያቀብሉኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ስብሰባ ከእጅዎ ያገኘሁት ፍሬ እሱ ብቻ ስለሆነ አሁንም አልረሳሁትም።

ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ከእኛ ውጭ ያለ አንባቢም እንዲገባው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበራችን ጭሮ ላይ አንድ ሆስፒታል፣ በበደሳ፣ በመቻራና በቦኬ ደግሞ አንዳንድ ክሊኒክ አለው። ሆስፒታሉ ታካሚ የሚመዘግበውም፣ መድኃኒት ከመጋዘን የሚያወጣውም፣ ሒሳቡን የሚይዘውም ከአንድ ኩባንያ በገዛው ሶፍትዌር ነው። ክሊኒኮቹ ግን እያንዳንዳቸው በየጊዜው ከየአቅጣጫው ያገኙት የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። እነዚህ ሁሉ መረጃ እንዲለዋወጡ መሐል ላይ የሚቆም ማገናኛ አስፈለገ። ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ሶፍትዌሩን የሸጠልን ኩባንያ ለራሱ ምርቶች ብሎ የሠራው ማገናኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የማንም ኩባንያ ወገን ያልሆነ፣ ከየትኛውም ፕሮግራም ተቀብሎ ለየትኛውም ፕሮግራም የሚያደርስ ገለልተኛ ማገናኛ ነበር። ከእነዚህ መካከል ክቡርነትዎ የመረጡልን ምን እንዳደረገን እነሆ ልተርክ ነው። ቅሬታ ማቅረብ ከክቡርነትዎ ጋር ስለማይስማማ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ውሳኔ አሰጣጥዎ አመሰግናለሁ። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ አቶ ቢቂላ ሁለቱን ማገናኛዎች አወዳድሮ ያዘጋጀውን ሰነድ ያስታውሱ እንደሆነ እንጃ፤ የሻይ ብርጭቆዎን ያሳረፉበት ስለነበር ጨርሶ አላዩትም ለማለት አልደፍርም። ቢቂላ ለማንም አላደላም። የኩባንያው ማገናኛ ቶሎ እንደሚተከልና በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ባሉት የኩባንያው ፕሮግራሞች መካከል እንከን እንደማይወጣለት፣ ገለልተኛው ግን ጊዜ እንደሚወስድና ዘወትር የሚከታተለው ሰው እንደሚፈልግ ሳይሸሽግ ነገረን። አክሎም ክሊኒኮቹ የኩባንያው ደንበኞች ስላልሆኑ ኩባንያው ለእነሱ ብሎ የሚደክምበት ምክንያት እንደሌለው፣ በገለልተኛው ላይ ግን የጎደለውን ነገር እኛው ራሳችን መጨመር እንደምንችል አስረዳን። የኩባንያውን ተወካይም ማገናኛችሁ ጳጉሜንን ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ተወካዩ ወደፊት ይታያል አለ። እርስዎ ደግሞ ለአምስት ቀን ይህን ያህል መጨቃጨቅ ምን ይሉታል ብለው ሳቁ።

ኮሚቴው ተወያይቶ ገለልተኛውን መረጠ። ክቡርነትዎም ስለ ድካማችን በጣፋጭ ቃል ካመሰገኑን በኋላ ሄደው ከኩባንያው ጋር ተፈራረሙ። ምክንያትዎን ስንጠይቅ፣ ሁሉም ነገር ከአንድ ቤት ሲመጣ እንደሚያምርና ችግር ቢፈጠርም የሚደወልበት ስልክ አንድ ብቻ መሆኑ እንደሚያሳርፍ ነገሩን። ሰው ሰብስቦ፣ አዳምጦ፣ አመስግኖ፣ የተናገረውን ከመጤፍ ሳይቆጥሩ ማሰናበት ለሁሉም የሚሰጥ ችሎታ ስላልሆነ አደንቅዎታለሁ።

፪. ቀጥሎ ስለ እነዚያ አምስት ቀናት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት አንድ የዐይን ቀዶ ሐኪም በየዓመቱ የራሱን የእረፍት ጊዜ ሰውቶ በጳጉሜን ወደ ጭሮ ይመጣል፤ የዐይን ሞራ ላለበት ሰው ሞራውን ያለ ክፍያ ይገፍፋል። የእኔ ሁለቱም ዐይኖቼ ሞራ ለብሰዋል። ሰሌዳ ላይ ራሴ የጻፍኩትን ቁጥር ማንበብ ካቃተኝ ቆይቷል፤ የተማሪዎቼን ደብተር ባልደረባዬ ሐዊ እያነበበችልኝ ነበር የማርመው። ርዕሰ መምህራችን የቻሉትን ያህል ታግሠውኝ፣ እስከ መስከረም ከዳንኩ ወደ ክፍሌ እንደምመለስ፣ ካልሆነ ግን ክፍሌን ለሌላ መምህር ለመስጠት እንደሚገደዱ ነገሩኝ። የበደሳው ክሊኒክ ለጳጉሜን ሁለት ቀጠሮ ያዘልኝና ስሜን በማገናኛው በኩል ወደ ጭሮ ላከ። ኮምፒውተሩም «ተልኳል» አለ።

ከዋዜማው ጭሮ ገብቼ አደርኩ። ጠዋት በዝናብ ከባጃጅ ወርጄ ሆስፒታሉ በር ስደርስ ከመቻራና ከቦኬ የመጡትም ቆመው አገኘኋቸው። የመቻራው ቡና ገበሬ አቶ በክሪ ሌሊቱን በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ አድሮ፣ የልጁን የነጅዋን ትከሻ ይዞ ነበር የቆመው። ከመዝገብ ክፍል የተሰጠን መልስ ሲስተም ላይ የላችሁም የሚል ነበር። ሲስተም የለም መባል ለምደናል፤ ሲስተሙ ኖሮ እኛ የላችሁም ስንባል ግን የመጀመሪያችን ነው። በክሪ «እኔ ይኸው መጥቻለሁ አቦ፤ ስሜ የት ቀረ?» ብሎ ጠየቀ።

ስማችን የቀረው የት እንደሆነ ቢቂላ በኋላ አገኘው። ሆስፒታሉ የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ክሊኒኮቹ የሚሠሩት በእኛ ቀን ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው ማገናኛው ነው፤ ለዚህ ማገናኛ ደግሞ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ላይ የተጻፈ ቀጠሮ ሲደርሰው አልመለሰውም፣ ስህተት አለም አላለ፤ ዝም ብሎ ጣለው። ሐኪሙ የሚመጣው በጳጉሜን ብቻ ስለሆነ፣ ከክሊኒኮቹ የተላክነው አንድም ሳይቀር ወደቅን። ጭሮ ላይ በቀጥታ የተመዘገቡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ገቡ።

ቢቂላ «ቀጠሯቸውን በእጄ ነሐሴ ሠላሳ ብዬ ላስገባውና ሰዎቹ ይታከሙ» ብሎ ለመነዎት። ክቡርነትዎም ሲስተም ውስጥ የውሸት ቀን አይገባም ብለው በታላቅ ሐቀኝነት ከለከሉ። ሐኪሙ በወረቀት እቀበላቸዋለሁ ሲልም፣ ዐይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ከመጋዘን የሚወጣው ማገናኛው ባሳለፈው የካርድ ቁጥር ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱት። ምዝገባውም፣ መጋዘኑም፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉም ከአንድ ቤት የተገዙ ናቸውና አንዱ ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ተዘጋ። ያምራል ያሉንን አንድ ቤት ያን ዕለት በረንዳው ላይ ቆመን፣ ዝናብ እየመታን ከውጭ አየነው። ሐኪሙ ጋውኑን ለብሶ ያን ቀንም ማግሥቱንም ጠበቀ፤ ከዚያ አዲሱን ዓመት ከልጆቹ ጋር ሊውል ተሳፈረ። እጄን ጨብጦ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነበር፤ ምንም ያላጠፋው ሰው።

፫. ስለ አንዱ ስልክም አመሰግናለሁ። በተደጋጋሚ ጠርቷል። በመጨረሻ ያነሳችው ሴት ቴክኒሻኑ ለበዓል እረፍት ወጥቷልና ከእንቁጣጣሽ በኋላ ደውሉ አለች። ኩባንያው ጳጉሜንን ለማገናኛው ባያስተምረውም፣ ሠራተኞቹ ግን ጳጉሜንን አሳምረው ያውቁታል።

፬. በመስከረም ያወጡትን የዐይን ሕክምና ዘመቻ ሪፖርት ሐዊ ስታነብልኝ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም፤ ከአክብሮት የተነሳ መሆኑን ይመኑልኝ። በሪፖርቱ መሠረት በሲስተሙ ከተመዘገቡት የዐይን ታካሚዎች መቶ በመቶው አገልግሎት አግኝተዋል። እኔ ይህን ስሌት ለልጆች ሳስተምር ነው የኖርኩት። የክፍልፋዩን ላዕል፣ የላይኛውን ቁጥር፣ ማሳደግ ሥራ ይጠይቃል፤ ታሕቱን፣ የታችኛውን፣ ማሳነስ ግን አንድ ጥሩ በር ጠባቂ ይበቃዋል። ዝናብ ሲመታን የዋልነው ሰዎች ስላልተመዘገብን ታካሚ አይደለንም፣ ታካሚ ስላልሆንንም ያልታከመ ሰው የለም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ። እርስዎ የምስክር ወረቀት እንደተሰጠዎት ሰምቻለሁ፤ ዐይንን በጨው ታጥቦ ቆሞ መቀበል ለሚችል ሰው ይገባዋል።

፭. በመጨረሻም ስለ መፍትሔዎ። ኩባንያው ክሊኒኮቹ ያላቸውን ፕሮግራም ጥለው የእሱን ከገዙ ማገናኛው ያለ ችግር እንደሚሠራ ጽፎልናል አሉ። ገለልተኛው ማገናኛ ክሊኒኮቹን እንዳሉ ይቀበል ነበር፤ እርስዎ የመረጡት ግን ለራሱ እንዲመች እኛን ሊለውጠን ተነስቷል። እስከዚያው ደግሞ ክቡርነትዎ ለክሊኒኮች ሁሉ ሰርኩላር አስተላልፈዋል፤ ከእንግዲህ በጳጉሜን ለማንም ታካሚ ቀጠሮ እንዳይያዝ። ማገናኛውን ለማስተካከል ያቃተዎትን ወር ከዓመቱ ለማውጣት አለመቸገርዎ አስገርሞኛል። ሐኪሙ ሌላ እረፍት እንደሌለው ቢቂላ ነግሮዎት ነበር። ስለዚህ የከለከሉት ወሩን ብቻ አይደለም፣ ሐኪሙንም ጭምር ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ጨዋታ ልናገር። ክፍሌን ተነጥቄያለሁ። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ርዕሰ መምህሩ ዐይን ዐይኔን ማየት አቅቷቸው የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። አሁን ጠመኔ አድላለሁ። ነጩን ከባለ ቀለሙ መለየት ስለማልችል መምህራኑ ራሳቸው መርጠው ይወስዳሉ፣ እኔ በሩን እዘጋለሁ። አጠገቤ ካለው ክፍል አዲሱ መምህር ክፍልፋይ ሲያስተምር ይሰማኛል፤ ሲሳሳት አውቃለሁ፣ ገብቼ ግን አላርመውም። ሌላ ከተማ ሄጄ ተመዝግቤያለሁ፤ ተራዬ ሩቅ ነው። በክሪም መቻራ ላይ ለቡና ለቀማ ቢወጣ ቀዩን ከጥሬው መለየት ስላልቻለ ልጆቹ ቤት እንዲቀመጥ አድርገውታል፤ ራሱ በተከለው ቡና ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሎ ነው ያለው። ቢቂላ ላዘጋጀው ሃያ ስምንት ገጽ ሰነድ ጊዜ ያጣ ሰው ይህን ያህል ሰው ከሥራው ማፈናቀል መቻሉ ያቃጥለኛል። በእርስዎ ላይ ተናድጄ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ንዴቱ አልፎ ንቀት ብቻ ነው የቀረኝ።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰርኩላሩን ይሻሩና ቢቂላ ገለልተኛውን ማገናኛ ከመጪው ጳጉሜን በፊት እንዲተክል ይፍቀዱለት። ያስተዳድሩ አልልዎትም፣ ያን ያህል አላስቸግርዎትም፤ ከመንገዱ ገለል ቢሉለት ይበቃል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎት፣ ስክሪንዎ እንዳይጠፋ፣ መቶ በመቶዎም እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ በሲስተምዎ ውስጥ ባልኖርም በበደሳ በሕይወት መኖሬን በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ።

አክባሪዎ፣
ዓለምሸት ተሻለ
የቀድሞ የሒሳብ መምህርት፣ የአሁን ጠመኔ አዳይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የጻፈችልኝ ሐዊ ናት። ቢቂላ ትናንት የኮሚቴ አባል በመሆኔ የሚገባኝን የውሉን ቅጂ አምጥቶ አነበበልን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ማገናኛው የሚሠራው አሥራ ሁለት ወር ላለው የዘመን አቆጣጠር ብቻ እንደሆነ በደማቅ ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። በዚህ ደብዳቤ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ከመስመሩ ወጥቶ ቢያገኙት እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ሐዊ እጄን ባሳረፈችበት ቦታ፣ ከበላዩ ያለውን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። እኔ ሳላነብ የፈረምኩት ዐይኔን አሞኝ ነው። ክቡርነትዎን ምን አሞዎት ነበር?