አልከፈት ስላለው የአውቶቡስ በር ለዋና ሥራ አስኪያጁ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ጉልበትዎ አይዛል፣ ወገብዎን አይንካዎ፣ መኪናዎም ምንጊዜም ከደጅዎ አይጥፋ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድርጅትዎ በሬዲዮ «ተሳፋሪው በአገልግሎታችን እጅግ መርካቱ በጥናት ተረጋገጠ» ሲል ሰማሁ። ጥናቱ ሲካሄድ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ተቆልፎብኝ ስለነበር እማኝነቴን ላቀርብ ወደድሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝን ታላቅ እህቴን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ወደ ሆስፒታል እየወሰድኋት ነበር። ቀጠሮውን ለማግኘት ክረምትና በጋ ደጅ ጠንተናል። አውቶቡስዎ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ቆመ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፣ በትከሻው ገፋ፣ በመጨረሻም ስልክ ደወለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. የስምሪት ክፍልዎ «መስታወት እንዳትሰብሩ፣ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ባለሙያ ይመጣል» ብሎ ስላዘዘ አመሰግናለሁ። ውስጥ ያለነው የማን ንብረት እንደሆንን ሾፌሩ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን እሱም የልጆች አባት ነው።

፪ኛ. ብርድ እንዳይመታን መስኮቶቹን በብሎን ስላስጠረቀሙልን እግዜር ይስጥልን። አንዲት ነፍሰ ጡር ራሷን ስትስት፣ ከመቀመጫ የተነሣላት ሁሉ በነጠላም በጋዜጣም አራገበላት። የሆስፒታሉ በር ከመስታወቱ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታየን ነበር። እህቴ ግን አላየችውም፤ «ደረስን እንዴ?» እያለች ክንዴን ትጨብጣለች፤ እኔም «ደርሰናል» እላለሁ፣ አልዋሸሁም።

፫ኛ. የሕዝብ አስተያየት የምትሰበስበው ሠራተኛዎም አብራን ታስራ ስለነበር አልተሰላቸንም። ትሑት ልጅ ናት። እህቴን «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ብላ ስትጠይቃት፣ እህቴ «ልጄ፣ ውረጂና ንገሪያቸው እንዳልልሽ አንቺም አትወርጂም» አለቻት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰላትም። ልጅቱም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በድርጅትዎ ደንብ ዝም ያለ ሰው እንደረካ እንደሚቆጠር ነገረችን። የሬዲዮውን ዜና ስሰማ ያልተገረምሁት ለዚህ ነው።

ባለሙያው መጥቶ በሩን ሲከፍት ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። መንገዱን ተሻግረን ስንገባ ሐኪሙ ወጥተው ሄደዋል፤ ተራችን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ አዲሱ ቀጠሮም ለከርሞ ሆነ። ያን ጠዋት እህቴ የእጄን ጣቶች ለይታ ትቆጥር ነበር። ዛሬ ፊቷን ወደ እኔ የምታዞረው ድምፄን ተከትላ ነው።

ከእኛ ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ የሚሄድ ሌላ መጓጓዣ የለም፤ ስለዚህ ከርሞም በእርስዎው አውቶቡስ እንሳፈራለን። መግባቱን እኛ እንችልበታለን፤ መውጣቱን ለበጎ ፈቃድዎ ትተናል።

ከታላቅ አክብሮትና ከሌላ አማራጭ እጦት ጋር፣
የዘወትር ደንበኛዎ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእህቴ ሳነብላት «አታክርርበት፤ ነገ ጡረታ ሲወጣ እሱም ከእኛ ጋር ይሳፈራል» አለችኝ። እርስዎ ሲመጡ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ እንይዝልዎታለን።