የሪሞቱ ድንጋይ ጂፒኤሱ ውስጥ ነው

ፍቅሩ፣
የቲቪው ሪሞት እምቢ ካለህ አትደብድበው። መኪናዋን ይዤ ገጠር ወጥቻለሁ፤ ሁለቱን ድንጋይ ለጂፒኤሱ ወስጃቸዋለሁ። የራሱ ትናንት ስሞክረው አለቀ።

አዎ፣ ገዛሁ! ርካሹን፣ ባለ ቁልፉን። ስክሪኑ የክብሪት ቀፎ ቢያክልም ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የመጣህበትን መንገድም መልሶ ያሳይሃል። ለገጠር መንገድ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው በዝቶበታል እንዳትል።

ያን ቀን ከኮዬ ፈጬ ማዶ፣ በጂፒኤስ እንሂድ ስትለኝ፣ «አባቴ ያረሰው መሬት ይጠፋኛል እንዴ? ጂፒኤስ ለፈረንጅ ነው!» ብዬህ፣ ጠፍተን ጭቃ ውስጥ መኪና ያስገፋሁህ ጊዜ...
እሱን ተወው።

ብቻ መሣሪያው ለየቦታው ስም ስጥ ይላል። ያንን ጭቃ «ፍቅሩ ተናግሮ ነበር» ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ለሜሳ