በታክሲዋ በር ላይ የተጻፈው

ይድረስ እንደ እህትም እንደ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለማከብርሽ እታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ የሌሊት ፈረቃውን ተገላገለ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችን በጤና አለን። እማዬም ደህና ናት፤ ጤናዋን ማለቴ ነው። እኔ ግን ይህን የምጽፍልሽ ከሐፍረቴ ጋር እየታገልኩ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ ደግሞም ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል።

አምና የላክሽው ስቲከር፣ በታክሲዋ ጎን የነበሩት ሁለቱ መስመሮችና በሩ ላይ የነበረው ጽሑፍ፣ ተበላሽቷል። እማዬ ስትደውዪላት «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ትልሻለች። እንዳታምኛት።

ያኔ ያልሽኝን አልረሳሁም። በእጅህ እጠበው፣ ለስላሳ ጨርቅና ቀለል ያለ ሳሙና ይበቃዋል፣ የግፊት ውሃ ጠርዙ አጠገብ አታድርስ፣ ፀሐይ ላይ አታውለው ብለሽኝ ነበር። እኔ እሺ ማለት አይቸግረኝም፤ የሚቸግረኝ መፈጸሙ ነው። ላቫጆ እየወሰድኳት አጣቢው የውሃ ጎማውን በሩ ላይ ደቅኖ ሲለቅባት፣ እኔ ዳር ቆሜ ወሬ እጠርቅ ነበር። ሬንጅ ሲነካትም በቤንዚን ፈትጌ አስለቅቃለሁ። ውሎ አድሮ የመስመሮቹ ጫፍ ተነሳ፤ የፊደሎቹም ዙሪያ ተሸብሽቦ ጥቁር ቆሻሻ ያዘ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እማዬ ባለችበት «መኪናህ ቡግር አወጣችሳ» ብላ ቀለደችብኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እማዬ ግን በልቧ ያዘችው።

በማግስቱ እኔ ገና ሳልነሳ ሳፋዋንና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦዋን ይዛ ወጣች። ልጄ ንጹሕ መኪና ይዞ ሥራ ይግባ ብላ ነው። ስወጣ መስመሮቹ ተቦጫጭረዋል፣ ከበሩ ላይ የተላጡት ፊደሎች ሳፋው ውስጥ ይንሳፈፋሉ። እታለም፣ ጮኽኩባት። ልብስ ሰፊዋ እየሰማች «የማታውቂውን ለምን ትነኪያለሽ? እጅሽን ሰብስቢ» አልኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እማዬ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእኔ የሆነውን ሁሉ «ልንካው?» ሳትል አትነካም። ሸሚዜን ከገመድ ላይ ስታወርድ፣ ጫማዬን ከመንገድ ዞር ስታደርግ፣ «ልንካው?» ትለኛለች። ለነገር ብላው ቢሆን በቀለለኝ፤ እሷ ግን ከልቧ ነው የምትጠይቀኝ። ያኔ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ።

ታክሲዋን ስቲከር ለጣፊው ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው ቀልድ አያውቅም። የቀረውን ጠርዝ በጥፍሩ ቆንጠር አድርጎ አየና፣ ይሄ የግፊት ውሃና የቤንዚን ሥራ ነው፣ እናትህ ሞቶ ነው ያገኙት አለኝ። የተረፈውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ ቀስ ብዬ እንዳነሳው፣ ሙጫውንም በሳሙና ውሃ እንዳስለቅቀው መክሮ ሸኘኝ።

ቤት ስደርስ እማዬን ጠርቼ ጨርቁን ሰጠኋት። «ልንካው?» አለችኝ። ንኪው አልኳት። እኔ እያሞቅኩ ስልጥ እሷ ከኋላ ከኋላዬ ስታብስ ስቲከሩ አለቀ፤ ፊደሎቹ ግን አልሄዱም። ታክሲዋ በፀሐይ ነጥታ ኖሮ፣ ስቲከሩ ከልሎት የቆየው ሰማያዊ እንደ ጥንቱ ደምቆ ቁጭ ብሏል። እማዬ ደጋግማ አበሰችውና «እድፉ እንቢ አለ ልጄ» አለችኝ። እድፍ አይደለም፣ ጽሑፍ ነው አልኳት። ምን ይላል አለችኝ።

ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስትገባ ስትወጣ አንድም ቀን አላነበብኩላትም። ፊደል እንዳልቆጠረች እያወቅኩ። አንቺ መቼም የነገርኳት ነው የሚመስልሽ። «የእማዬ ልጆች ይላል፤ እታለም ናት ያጻፈችው» አልኳት።

እኔማ የታክሲ ቁጥር መስሎኝ አለች። ከዚያ መዳፏን በሩ ላይ አሳርፋ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ስማችሁን በሽቦ ፈተግኩት» አለችኝ። ስንት ቀን ይዤው የዞርኩትን ይቅርታ እሷ ቀደመችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላት፣ የጮኽኩትም የእኔ ክፋት ነው ብላት፣ ደክሞህ ነው ብላ ለእኔው ትከራከርልኛለች።

ስለዚህ ስትደውዪ ጥፋቱን እንዳትቀበያት። ሌላ ስቲከርም አትላኪ። ያ ሰማያዊ እስኪነጣ ድረስ እንዲሁ ይነበብ፤ አሁን ታክሲዋን በእጄ አጥባታለሁ።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ያቺን ምላሰኛ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹስ እግር ተከለ ወይ? ልብስ ሰፊዋ በቀልዷ ተጸጽታ ሰላም ብላሻለች። እማዬ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ይህን ስጽፍ ነገ የምለብሰውን ሸሚዝ ልትተኩስልኝ ካውያውን አግላ ፊቴ ቆማለች። እኔ ቀና እስክል እየጠበቀች ነው፤ ሳትጠይቀኝ አትነካውም።

ያፈረው ወንድምሽ
እናታችን ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ