ጥቁርና ነጩ ወይስ ባለ ቀለሙ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ አመሻሽ

ቴሌስኮፑን ወለወልኩት። መልሼ ሸፈንኩት። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አላየሁበትም። ባለቤቴ ተሾመ ካረፈ ወዲህ እኔና ቴሌስኮፑ በረንዳ ላይ እንደተፋጠጥን አለን።

ሰላም ደወለች፣ የባለቤቴ እህት፣ ከዱባይ። ልትመጣ ነው። ወንድሟ ከማረፉ በፊት እንድታመጣለት ያዘዛትን የከዋክብት ፎቶ ማንሻ ካሜራ እሑድ ልትገዛ ነው። አሁን የምትሠሪበት አንቺ ነሽ፣ ጥቁርና ነጩን ነው ባለ ቀለሙን? አለችኝ። ላስብበት አልኳት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

መ/ር ዳንኤል መጣ፣ ከተሾመ ጋር ፊዚክስ ያስተምር የነበረው። ሊጠይቀን መጥቶ በካሜራ ጥያቄ ያዝኩት። ባለ ቀለሙ ሁሉንም ቀለም ባንዴ ያነሳል፣ ለጀማሪ እሱ ይሻላል አለ። ጥቁርና ነጩ የራቀውን የከዋክብት ደመና አጥርቶ ያወጣል፤ ግን ያንኑ ሰማይ በቀይ መስታወት፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ እየደጋገሙ ማንሳት፣ ከዚያ በኮምፒውተር ማደራረብ አለ። ኮምፒውተሩን ማን ይሠራልሻል እታለም? አለና ደነገጠ። ሻዩ ላይ ስኳር ጨመርኩለት፣ ሳይጠይቅ።

አማቴ እማማ ዘነበች ከሐዘኑ ወዲህ እኔ ጋ ናቸው። ከጓዳ ሰምተው ኖሮ፣ እንግዳው እንደወጣ ያዙኝ። ዓመቱ ሳይሞላ፣ ጥቁር ሳታወልቂ፣ ባለ ቀለም ፎቶ? ሰው ምን ይላል? ሰው አይደለም የማነሳው እማማ፣ ሰማይ ነው አልኳቸው።

"ሰማዩስ ቢሆን፣ ዓመት አይታገስሽም?"

ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ዞረብኝ፣ ኩሽና ገባሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ደብተሬ። ተሾመ የመረጠው ጥቁርና ነጩን ነው። ግንቦት ላይ፣ ገና ሳይታመም፣ ካሜራው ሳይመጣ መለማመድ ጀምረን ነበር። ብርሃን የሚያሳልፍ የከረሜላ ወረቀት በስልኩ ካሜራ ፊት እይዝለታለሁ። ቀይ ሲለኝ ቀይ፣ አረንጓዴ ሲለኝ አረንጓዴ። ሰማያዊ ጠፋን። መናኸሪያ ሰፈር ሱቅ ለሱቅ ዞረን፣ ለወረቀቱ ብለን አንድ ኪሎ ከረሜላ ገዛን። ጥርሴን ሲያመኝ ሰነበተ። የግቢያችንን ማንጎ አንስቶ ሦስቱን ቢያደራርባቸው፣ ለካ ነፋስ አነቃንቆት ማንጎው ሁለት ሆኖ ወጣ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አስቸጋሪውን ለምን መረጥክ ስለው፣ ባለ ቀለሙ አንድ ሰው ይበቃዋል፣ አንቺ ትተሽኝ ገብተሽ ትተኛለሽ አለኝ።

ይኸው ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ አመሻሽ

ቀን ላይ ሰላም ሱቅ ውስጥ ሆና ደወለች። ባለ ቀለሙን አልኳት። ወንድሜ ያኛውን ነበር እኮ ያለኝ፣ ቃሉን ልናጥፍ ነው? አለች፣ እያለቀሰች። ያኛው ቢመጣ ቁምሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እኔም አብሬው እቀመጣለሁ ልላት ፈለግሁ።

እማማ ዘነበች ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ሊጨምሩብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ያለችሽን አምጪላት። ብቻዋን የቀረችው እሷ ናት" አሏት ልጃቸውን።

ስልኩን መልሰውልኝ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ተገዝቷል። አሁን ሰማዩ በቱላ ሰፈር በኩል ጠርቷል። ቴሌስኮፑን ወደ ግቢ ላወጣው ነው። ለአንድ ሰው ይከብዳል። መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ቱቦውን።